የትኛው ሥጋ ይነሣል?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምስጢር የመጨረሻውን ለትንሣኤ ሙታን ሰጥታለች። ምእመኑ በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ የሚነሣውም ነፍስ ብቻ ሳትሆን ሥጋም ጭምር ነው። ይህን ትምህርት የሰማ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ አዋቂውም ጮክ ብሎ መጠየቁን ይተዋል እንጂ ከልቡ አያወጣውም። ዐፈር የሆነ፣ አውሬ የበላው፣ እሳት ያጋየው ሰው እንዴት ይነሣል? የተለመደው መልስ ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም፣ ትቢያውን ከያለበት ይሰበስበዋል የሚል ነው። በመልሱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ክርክር የለኝም። ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም መነሣት የተበተነውን ትቢያ መልሶ መሰብሰብ ነው የሚለው ግን፣ ሥጋችን ገና በሕይወት ሳለን ምን እንደሚያደርግ ካለማስተዋል የመጣ ይመስለኛል። ሥጋ ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱን፣ ናይትሮጅንን፣ ከምግብ አንሥቶ እስከ ሽንት ድረስ የተከተለ ሰው «የእኔ ትቢያ» የሚባል ነገር በሕይወትም ዘመን እንደሌለ ይረዳል። ይህን መረዳት የትንሣኤን ተስፋ አያፈርስበትም፤ ሊሸከመው ከማይችለው ሸክም ያሳርፍለታል።

ናይትሮጅን ወደ ሰውነታችን የሚገባው በዋናነት በፕሮቲን ነው። ትርፍ ስብ በቆዳ ሥር፣ ትርፍ ስኳር በጉበትና በጡንቻ ይቀመጣል፤ ለትርፍ ፕሮቲን ግን ሰውነት ማስቀመጫ የለውም። ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ከሚፈለገው በላይ ሲሆኑ፣ ወይም ለጉልበት ሲቃጠሉ፣ ናይትሮጅን ያለበት ክፍላቸው ይነጠልና አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አንጎልን ነው። ጉበቱ የደከመ ሕመምተኛ ሐሳቡ የሚምታታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ በመጨረሻም ራሱን የሚስትበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። በውሃ የሚኖር ዓሣ አሞኒያውን እንዳለ ወደ ውሃው ስለሚለቀው ብዙ አይቸገርም። በየብስ የሚኖር እንስሳ ግን ያን ያህል ውሃ ስለሌለው መርዙን ወደ ሌላ ነገር መለወጥ አለበት። ወፍ ዩሪክ አሲድ አድርጋ በነጭ ኩስ መልክ ትጥለዋለች። የሰው ጉበት ደግሞ ሁለት ናይትሮጅን ከአንድ ካርቦን ጋር አጣምሮ፣ ለዚያም ጉልበት ከፍሎ፣ ዩሪያ ይሠራል። ይህ ሥራ የሚከናወነው በዑደት መሆኑን ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንዘላይት እ.ኤ.አ. በ1932 በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ አሳዩ፤ ኦርኒቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ናይትሮጅኑን ይቀበላል፣ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል፣ ዩሪያውን ይለቅና ተመልሶ ኦርኒቲን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የኩላሊት ድርሻ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ከተጣራው ዩሪያም ግማሽ ያህሉ ወዲያው አይወጣም፤ ተመልሶ በኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ይከማቻል፣ እዚያም ሰውነት ውሃውን እንዲቆጥብ ያግዛል። ቆሻሻ የምንለው ነገር ደጃፉ ላይ ደርሶ እንኳ ሥራ አያጣም።

ይህ ዩሪያ ገበሬው በማዳበሪያ ከረጢት ከሚያውቀው ዩሪያ በምንም አይለይም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ያለ ኩላሊትና ያለ እንስሳ፣ በቤተ ሙከራ ከሌሎች ውሁዶች ሠርቶታል። በዘመኑ ብዙዎች የሕያው አካል ውጤት የሆነ ነገር ከሕያው አካል ውጭ አይሠራም ብለው ያምኑ ነበር፤ አንድ ሙከራ ክርክሩን ባይዘጋውም እምነቱን አናውጦታል። ከዚህ ለጉዳያችን የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ በሰውነታችን ያለፈ ናይትሮጅን በእኛ ማለፉን የሚያሳይ ምንም ምልክት አይቀርበትም።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ሥጋን የሚያዩት ተሠርቶ እንዳለቀ ነገር ነበር። ያደገ ሰው የሚበላው ለጉልበት ይቃጠላል፣ ጥቂቱ ለጥገና ይውላል፣ በሽንት የሚወጣውም ናይትሮጅን በአመዛኙ የትናንት ምግብ ትራፊ ነው ይሉ ነበር። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ነው። እሱም እንደ ክሬብስ በፍራይቡርግ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ሁለቱም አይሁዳውያን በመሆናቸው ከጀርመን ወጡ፣ አንዱ ወደ እንግሊዝ፣ ሌላው ወደ አሜሪካ። ሥጋችን ምን እንደሆነ ካስተማሩን ሰዎች ሁለቱ በትውልዳቸው ምክንያት ከአገራቸው መነቀላቸውን ሳላነሣ ማለፍ አልፈለግሁም። ሾንሃይመር በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በከባድ ናይትሮጅን የመጠቀም ዕድል አገኘ፤ ይህ በኬሚካዊ ባሕርዩ ከተለመደው የማይለይ፣ ነገር ግን ክብደቱ ስለሚበልጥ የት እንደደረሰ ሊታወቅ የሚችል ናይትሮጅን ነው። በዚህ ናይትሮጅን የተሠራ ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ፣ ዕድገታቸውን ለጨረሱ፣ ክብደታቸው ለማይጨምር አይጦች መገበ። በድሮው አስተሳሰብ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል በሽንት መውጣት ነበረበት። በሽንት የተገኘው ግን ሲሶ እንኳ አልሞላም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአይጦቹ ሥጋ ውስጥ፣ በጉበቱ፣ በአንጀቱ፣ በኩላሊቱ፣ በጡንቻው ገብቶ ተገኘ። አይጦቹ ስላልከበዱ ያን ያህል የነባሩ ናይትሮጅን ቦታውን ለቆ ወጥቷል ማለት ነው። አዲሱ ናይትሮጅንም በሉሲን ብቻ አልተወሰነም፤ ወደ ሌሎች አሚኖ አሲዶች ተላልፎ ነበር። ሾንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1941 ሞተ፤ ሥራውን የሚያጠቃልለው መጽሐፍ በማግስቱ ዓመት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቆሞ ያለ ነገር ነው ብሎ በማስረጃ መናገር አልተቻለም።

የሒሳቡን ስፋት ለማየት ያህል፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመላ አካሉ ያለው ናይትሮጅን ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ይኸው ሰው በቀን 80 ግራም ፕሮቲን ቢበላ ከዚያ ውስጥ 13 ግራም ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ጤናማና ያደገ ሰው የገባውን ያህል ያስወጣል። በዓመት ሲደመር 4.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በመላ አካሉ ካለው ከሁለት እጥፍ በላይ ናይትሮጅን በአንድ ዓመት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። የሾንሃይመር አይጦች እንዳሳዩት ደግሞ የሚገባው ከነባሩ ጋር ይቀላቀላል እንጂ ለብቻው አያልፍም። አንድ ሰው በሰባ ዓመት ዕድሜው የለቀቀውን ሥጋ ሁሉ የሚሰበስብ ቢኖር የሚያቆመው አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያህል ክምር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያጎላልኝ አንድ የታሪክ ምስክርነት አለ። የእንግሊዙ አዛዥ ጆርጅ አንሰን እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1744 ዓለምን በዞረበት ጉዞ መርከበኞቹ ስከርቪ በሚባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት ረገፉ። ከእነርሱ አንዱ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ በ1690 በአየርላንድ በተደረገው የቦይን ጦርነት ቆስሎ ፈጽሞ የዳነ ሰው ነበር፤ በስከርቪው ጊዜ ያ አሮጌ ቁስል እንደ አዲስ ተከፈተ። ምክንያቱን ዛሬ እናውቀዋለን። የቁስል ጠባሳ የሚሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ኮላጅን በየጊዜው ይፈርሳል፣ በየጊዜውም ይሠራል፤ ጤናማ ኮላጅን ለመሥራት ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። መፍረሱ ቀጥሎ መሠራቱ ሲቆም ቁስሉ ይከፈታል። አንድ ጊዜ ሠርቶ የጨረሰው ይመስለን የነበረውን ጠባሳ ሰውነት ለሃምሳ ዓመት ሳያቋርጥ ሲሠራው ኖሯል። ሌላው ሥጋችንም የሚኖረው እንዲሁ ነው፤ የቆመ የሚመስለን መሠራቱ ስላልተቋረጠ ነው።

እንግዲህ ወደ ትቢያው እንመለስ። የምንለቀው ናይትሮጅን ወደ አፈር ይገባል፣ ተክል ይሆናል፣ ከብት ይበላዋል፣ ሌላ ሰው ይመገበዋል። የጾም ሽሮ የምንሠራበት ባቄላና ሽንብራ በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅናቸውን ከአየር ይወስዳሉ። ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ የሚለው የአበው ትምህርት ኬሚስትሪ አይደለም፣ ኬሚስትሪ ነኝም አላለም፤ ነገር ግን ሥጋ ከራሱ ውጭ ካሉ ነገሮች የተዋሰ መሆኑን ቀድሞ ተናግሯል። ታዲያ አንድ የናይትሮጅን ቅንጣት በየዘመኑ በብዙ ሰዎች ሥጋ ውስጥ ካለፈች በትንሣኤ ቀን የማን ትሆናለች? ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። የጥንት ተቃዋሚዎች ሰው ሰውን ቢበላስ ብለው ክርስቲያኖችን አስጨንቀዋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በአቴናጎራስ ስም የሚታወቀው የትንሣኤ ድርሰት የሰው ሥጋ ለሰው የተፈጥሮ ምግብ ስላልሆነ በበላተኛው አካል አይዋሐድም ሲል መለሰ። መልሱ የሃይማኖት ሳይሆን የሥነ አካል መልስ ነበር፤ በሥነ አካል ሲመዘን ደግሞ ስሕተት ነው። የምግብ ፕሮቲን ሲፈጭ ወደ አሚኖ አሲድ ይወርዳል፤ አሚኖ አሲድ ከምስር ይምጣ፣ ከበግ ይምጣ፣ ወይም ከሰው ይምጣ፣ ጉበት አይለየውም። ሃይማኖት በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ ራሱን ሲያስደግፍ ክርክሩ በወደቀ ቀን አብሮ የወደቀ ይመስላል፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ያለ ድጋፉ መቆም ይችል ነበርና።

የተሻለ መልስ የሰጡ ጥንትም ነበሩ። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ሥጋ እያደገና እየጎደለ እንደሚለዋወጥ ተመልክቶ፣ በለውጡ ውስጥ ጸንቶ የሚኖረውና ከነፍስ ጋር የሚቀረው መልኩ ነው ብሏል። እዚያው ላይ ነፍስ የገዛ ክፍሎቿን ለይታ ትሰበስባለች ማለቱንም አልደብቅም፤ ከሁለቱ ሐሳቦቹ ናይትሮጅን የሚደግፈው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በእስልምና በኩል እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ ፈላስፎችን በተከራከረበት መጽሐፉ ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። የሰው አካል ከልጅነት እስከ እርጅና በምግብ ይለዋወጣል፤ ሰውየው ግን ያው ሰው ነው፤ ስለዚህ አምላክ ነፍስን ከዚያው ቁስ ወይም ከሌላ ወደ ተሠራ አካል ቢመልሳት የሚነሣው ያው ሰው ነው ይላል። ሁለቱም የናይትሮጅንን ስም አልሰሙም። የሚበላ ሰው ለምን ለዘላለም አይወፍርም የሚለውን ብቻ አስበው ወደዚህ መድረሳቸው ያስደንቀኛል።

ከሳይንስ በኩል የሚመጣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል አይታደስም። የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ልባስ አንዴ ከተሠራ አይተካም፤ በዓይን ሌንስ መካከል ያሉ ፕሮቲኖች ከመወለዳችን በፊት የተሠሩ ናቸው። በስዊድን ዮናስ ፍሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎች ወደ አየር የተለቀቀውን ካርቦን ተጠቅመው የአንጎል ቅርፊት ነርቮች ዕድሜያቸው የባለቤታቸውን ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ታዲያ «እኔ» የምለው ቁስ እዚያ ይገኝ ይሆን? አይመስለኝም። ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ፣ የዓይን ሞራው ሲገፈፍ ሌንሱ ወጥቶ በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው፣ ማንነቱ አልተቀነሰም። ነርቩም ቢሆን ሕዋሱ ሳይተካ ይኑር እንጂ በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ይፈርሳሉ፣ ይተካሉ። ቆይታ ማንነት አይደለም። በጥይት የተመታ ሰው እርሳሱን በሥጋው ይዞ አርባ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ እርሳሱ ግን እሱ አይሆንም።

ከሃይማኖት በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቅዱሳት መጻሕፍት ለአጥንት ክብር ይሰጣሉ፤ የኤልሳዕ አጥንት ሙት አስነሥቷል፣ ሕዝቅኤል አጥንቶች ሲገጣጠሙ አይቷል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ታከብራለች። ቁሱ ዋጋ ከሌለው ይህ ሁሉ ለምን? መልሴ ቁሱ ዋጋ የለውም አላልሁም የሚል ነው። የጻድቁ አጥንት የሚከበረው የማን እንደነበረ ስለሚታወቅ ነው፤ የሕያው ሰው አጥንትም ራሱ እየፈረሰ እየተሠራ የሚኖር በመሆኑ ያከበርነው በዕረፍቱ ጊዜ የነበረውን ነው፤ በወጣትነቱ የነበረውን የሚፈልግ የለም። በሕዝቅኤል ራእይም ጅማትና ሥጋ በአጥንቶቹ ላይ ሲወጣ መጽሐፉ ያ ሥጋ ከየት ተሰበሰበ አይልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሚዘራው ቅንጣትና የሚበቅለው አካል አንድ አለመሆናቸውን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። ቶማስ ያየው የችንካር ምልክትስ? ጌታ በሦስተኛው ቀን ሲነሣ ሥጋው መበስበስን አላየም፤ ስለዚህ የእርሱ ትንሣኤ የትቢያ መሰብሰብ ጥያቄ የለበትም። ምልክቱ የሚያስተምረን ግን አለ። የሚነሣው አካል ታሪኩን ይዞ ይነሣል፤ የአንሰን መርከበኛ እንዳሳየን ደግሞ ታሪክ በሥጋ ላይ የሚኖረው በቁስ መቆየት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ደግሞ ደጋግሞ ስለሚጽፈው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከፈላስፋ የሚመጣ ነው። ማንነት በቁስ ሳይሆን በሥርዓት ከሆነ፣ ያንኑ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ቢሠሩት ሁለቱም እኔ ነኝ ሊሉ ነው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ሥርዓት ስል በወረቀት ላይ የሚነሣ ንድፍ ማለቴ አይደለም፤ ሳይቋረጥ የሚሠራ ሥራ ማለቴ ነው፤ ጉበት አሞኒያውን የሚለውጥበት፣ ኩላሊት የሚያጣራበት፣ ጠባሳ በየዕለቱ የሚታደስበት ሥራ። ሞት የሚያቋርጠውም ይህን ነው። ከተቋረጠ በኋላ የሚነሣው ቅጂ ሳይሆን ያው ሰው የሚሆነው መካከሉን የሚያገናኝ አንድ ነገር ካለ ብቻ ነው፤ አማኙ ያን ነገር ነፍስ ይለዋል፣ የነፍስም ጠባቂ እግዚአብሔር ነው ይላል። ይህን ኬሚስትሪ አያስረዳም፤ ናይትሮጅን የትንሣኤ ማስረጃ ነው የሚል ሰው ቢመጣ እኔም እቃወመዋለሁ። ኬሚስትሪ ማድረግ የቻለው ከሁለቱም ወገን አንዳንድ የማይረባ ክርክር ማስወገድ ነው። ቅንጣቶቹ ስለሚበተኑ ትንሣኤ አይቻልም የሚለው ተጠራጣሪ በሕይወት ሳለንም ቅንጣቶቻችን እንደሚበተኑ ዘንግቷል። ቅንጣቶቹ ካልተሰበሰቡ ትንሣኤ የለም የሚለው አማኝም የዘነጋው ያንኑ ነው።

ይህ ክርክር ከመጻሕፍት ወጥቶ ሆስፒታል ይደርሳል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ዩሪያውና ሌላው ቆሻሻ በደሙ ይከማቻል። ሆላንዳዊው ሐኪም ዊለም ኮልፍ አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የሕመምተኛን ደም ከአካሉ ውጭ በሴሎፋን ቱቦ አሳልፎ አጠበ፤ ዛሬ የኩላሊት እጥበት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እጥበቱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ወጪውም ቤተሰብ ያራቁታል። ከእጥበት የሚያሳርፈው ንቅለ ተከላ ነው፤ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ጤናማ ሰው አንድ ኩላሊቱን ሰጥቶ በሌላው መኖር ይችላል፤ የቀረው ኩላሊት ሥራውን ያሳድጋል። ቀዶ ሕክምናው ፍርሃት አለው፣ የራሱ አደጋም አለው፤ በዚህ ምክንያት እንቢ የሚልን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከሞት በኋላ የሚለገስ የዓይን ብሌን እየተቀበለ ለማየት ለተሳናቸው ያደርሳል።

በትንሣኤ ቀን ጎደሎ ሆኜ እነሣለሁ፣ ወይም ያለ ዓይኔ እነሣለሁ ብለህ የምትፈራ ወንድሜ፣ የምትፈሪ እኅቴ፣ ይህ ፍርሃት በሥጋም በሃይማኖትም መሠረት የለውም። አሁን ያለህ ኩላሊት የዛሬ ሃያ ዓመት ከነበረህ ኩላሊት ጋር በሥራው እንጂ በቁሱ አንድ አይደለም፤ ያ ቁስ በአብዛኛው ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል፣ ሲሄድም አልተሰማህም። ሰማዕታትን ከአንበሳ ሆድና ከእሳት የሚያስነሣ አምላክ ለወንድምህ በሰጠኸው ኩላሊት ምክንያት አንተን ማስነሣት አይሳነውም። ካህናቶቻችንም በዐውደ ምሕረት ስለ ትንሣኤ ሲያስተምሩ ይህን በግልጽ ቢናገሩ መልካም ነው፤ እጥበት ክፍል ተቀምጠው ለጋሽ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው።